«ለጊዜው» ለሚሉ የመስመር ጥገና አለቆች፦ ግልጽ ደብዳቤ ከደብረ ወርቅ

ይህን የምጽፈው ምሰሶ ላይ ለሚወጣው ልጅ አይደለም፤ እሱን ባዶ እጁን ለምታሰማሩት ነው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። ክረምት ሲገባ ከጮቄ ተራራ በኩል ነጎድጓድ ሲያጓራ ያድርና ጠዋት አንዱ ሰፈር መብራት የለውም። ትራንስፎርመሩ ጋ ሲደረስ የድሮፕ አውት ፊውዙ ቱቦ ወድቆ ተንጠልጥሏል። እስከዚህ ድረስ ፊውዙ ሥራውን ሠርቷል። ደብዳቤ ያጻፈኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪናው ላይ ሊንክ፣ ማለትም ቱቦው ውስጥ የሚገባው የፊውዝ ሽቦ፣ የለም። ይደወልላችኋል፤ «ለጊዜው በክር አስነሣው» ትላላችሁ። ከመዳብ ገመድ አንድ ክር ተፈትቶ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ መብራት ይመጣል፤ ሕዝቡም ይመርቃል። «ለጊዜው» የተባለው ክር እዚያው ይከርማል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 100 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ከላይ የሚስበው 3.85 አምፔር ነው፤ በ33 ኪሎ ቮልት ከሆነ 1.75 ብቻ። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ክር የሚቀልጠው ግን 80 አምፔር አካባቢ ነው። ጭነቱ 20 እጥፍ ቢሆን እንኳ ክሩ ንቅንቅ አይልም። እስከዚያው የትራንስፎርመሩ ጥቅልል ይነዳል፣ ዘይቱም ይፈላል። በ50 ብር ሽቦ ትራንስፎርመር መሸጥ ማለት ይኸው ነው፤ ሽቦው ደግሞ 50 ብር እንኳ አያወጣም!

ሊንክ ሽቦ ብቻ አይደለም። ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሲበጠስ የሚፈጠረው አርክ የቱቦውን ውስጠኛ ሽፋን ያጋየውና ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ እሳቱን ገፍቶ ያጠፋል፤ ውጥረቱ ሲላላ ቱቦው ይወድቃል። እንዲያው የተጠመዘዘ ክር ይህን ሁሉ ያደርጋል ብሎ ማን ዋስ ይሆናል?

«እንግዲያው የ4 አምፔር ሊንክ አስገባ» የሚልም አይጠፋም። ትራንስፎርመር ሲነሣ ለቅጽበት፣ ለ0.1 ሰከንድ ያህል፣ ከሙሉ ጭነቱ እስከ 12 እጥፍ ይስባል፤ የላይኛው ሊንክ ይህን መቻል አለበት። የወፍጮ ቤቱ ሞተርና የበዓል ዋዜማ ምጣድ ሲደራረቡ መበጠስ ያለበት የታችኛው፣ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መስመሩ ፊውዝ ነው። የላይኛው ለአጭር ዙር እንጂ ለምጣድ አልተቀመጠም።

መጋዘን ላይ ያላችሁም ጉዳይ አላችሁ። 10 ኬ ሊንክ ሲያልቅ 10 ቲ አውጥቶ «ያው 10 ነው» ማለት ትክክል አይደለም። ኬ ፈጣን ነው፣ ቲ ዘገምተኛ። የትኛው ፊውዝ ቀድሞ ይበጠስ የሚለው ቅደም ተከተል ሲዛባ የአንድ ትራንስፎርመር ጥፋት ሙሉ መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ዕቃ ስታዝዙም አገራችን ደጋ መሆኑን አትርሱ፤ ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የአየሩ የመከላከል አቅም 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ደብረ ወርቅ ደግሞ ከ2,000 በላይ ናት። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ እንጂ ለእኛ ሰፈር የተጻፈ አይደለም።

በየምሰሶው ላይ የሊንኩ መጠን በቀለም ይጻፍ። በየመኪናው ላይ የሊንክ ሣጥን ይኑር። ዛሬ በክር የቆሙትን ትራንስፎርመሮች ስም ዝርዝር እንኳ ብትጽፉ ግማሹ ሥራ አለቀ። በሚቀጥለው ዝናብ ልጁ ሲደውል «ውረድ፣ ሊንኩን ይዤ እየመጣሁ ነው» በሉት። መብራቱ ቢዘገይ ከምሰሶው ሥር የቆመውን ሕዝብ እኛ ጎረቤቶቹ እናረጋጋዋለን።