የሸክላ አፈር ምስክርነት

ምስክር ያየውን ብቻ ሊናገር ይገባዋል። ያላየውን የሚጨምር ምስክር ለእውነት የቆመ ቢሆንም እንኳ እውነትን ያስንቃታል፤ የጨመረው ሐሰት በተገለጠ ጊዜ ያልጨመረውም አብሮ ይጠረጠራልና። ይህ ሕግ በፍርድ አደባባይ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ በጕባኤና በዐውደ ምሕረትም ይሠራል።

በ2013 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ አገር የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች ስለ ሸክላ አፈር የደረሱበትን አሳተሙ። ወዲያውም ጋዜጠኞች ነገሩን አንሥተው፥ ሕይወት ከጭቃ ሳትገኝ አትቀርም፥ የኦሪትም ነገር እውነት ሳይሆን አይቀርም እያሉ አወሩ። ይህን ሰምቶ ደስ ያለው አማኝ አይነቀፍም፤ ወሬውን ሳይመረምር ለሕዝብ የሚያስተምረው ግን ይነቀፋል። ስለ ምን ቢሉ፥ መርማሪዎቹ ያገኙት ሌላ ነውና። በሰው እጅ የተዘጋጀ ሸክላ በጨው ውሃ ውስጥ እንደ እርጎ ረግቶ ዲ ኤን ኤን ሲይዝና ከሚያፈርሰው ነገር ሲጠብቀው፥ የፕሮቲኑም ሥራ ሲበረታ አዩ። የሥራው መሣሪያ ግን አስቀድሞ ከሕያዋን ሴሎች የተወሰደ ነበር። ሸክላው መጠለያ ሆነ እንጂ ሕይወትን አልወለደም።

ነገሩ ከዚያ በፊት የቆየ ነው። በለንደን ያስተምር የነበረው በርናል በ1951 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በጥንቱ ውሃ ተበትነው የነበሩትን ጥቃቅን ነገሮች ሸክላ በገጹ ላይ ሰብስቦ ሊያቀራርባቸው እንደሚችል አመለከተ። በስኮትላንድ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ግሬየም ኬርንስ ስሚዝ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ ከዚህ የደፈረ አሳብ አቀረበ። ዛሬ በሕያዋን ውስጥ ዘርን የሚያስተላልፈው ነገር እጅግ የተወሳሰበ ስለ ሆነ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም፤ ከእርሱ በፊት ቀላል የሆነ ሌላ ነበረ፤ እርሱም የሸክላ ክሪስታል ነው አለ። እንደ እርሱ አሳብ፥ ሸክላ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ያህል በሚሳሱ ንጣፎች ተደራርቦ ሲያድግ፥ በአንዱ ንጣፍ ያለው ጕድለት ወደሚቀጥለው ይተላለፋል፤ ክሪስታሉም ሲሰበር ስባሪው ያንኑ ምልክት ይዞ እንደገና ያድጋል። ኋላ ግን ሌላው ነገር ሥራውን ወረሰ፥ ሸክላውም ቀረ። ይህንም በደንጊያ ቅስት መሰለው፤ ሲሠራ የደገፈው ድጋፍ ቅስቱ ከቆመ በኋላ ይነሣልና።

እንግዲህ ኬርንስ ስሚዝ የፈለገው ከሕያዋን ሁሉ ታናሽ ከሆነው በፊት የነበረውን ነው፤ አዳምን አልፈለገም። ይህን ወስዶ ሊቃውንት የአዳምን አፈጣጠር መሰከሩ የሚል ሰባኪ፥ ስለ ሌላ ነገር የተጻፈ ወረቀት በችሎት እንደሚያቀርብ ባለ ጕዳይ ነው። ደግሞም አባቶች ሰውን ከጭቃ ብቻ ነው አላሉም፤ ሥጋውን ከአራቱ ባሕርያት ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስ፥ ከእሳት ነው ብለው፥ ልባዊት ነባቢት ሕያዊት ነፍስንም ጨምረው አስተማሩ። የኬሚስት መመርመሪያ ቤት ይህን ሁሉ አልመረመረም፤ ሊመረምርም አልተነሣም።

በሌላው ወገን ደግሞ፥ ሸክላው ሁሉን ሠራ፥ እንግዲህ ፈጣሪ አያስፈልግም የሚል አለ። ይህም ከፊተኛው የተሻለ ምስክር አይደለም። በ1996 ጄምስ ፌሪስና ባልንጀሮቹ በሸክላ ላይ እስከ 55 አባሎች ያሉት ሰንሰለት ቀጠሉ፤ ድንቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አባሎቹን ለመያያዝ አዘጋጅቶ በየዕለቱ የጨመረው የሰው እጅ ነበር። በ2003 ጃክ ሾስታክና ተባባሪዎቹ ሞንሞሪሎናይት የሚባለው ሸክላ የቅባት ከረጢቶች ቶሎ እንዲበጁ እንደሚያግዝ አሳዩ፤ ከረጢት ግን ሕያው አይደለም። በ2007 ደግሞ የኬርንስ ስሚዝ አሳብ በሌላ ክሪስታል ሲፈተን፥ ልጁ ክሪስታል የእናቱን ምልክት ሳያበላሽ ሊጠብቅ አልቻለም። ከጭቃ ሕይወት ስትወጣ ያየ እስከ ዛሬ የለም። ቢታይም እንኳ፥ የመሣሪያን አሠራር ማወቅ ሠሪ የለም ለማለት አያበቃም።

ዳሩ ግን አማኙ በዚህ ጕድለት አይመካ። ሊቃውንቱ ዛሬ ያልቻሉትን ነገ ቢችሉ ምን ሊል ነው? ሃይማኖቱን በሰው አለማወቅ ላይ የሠራ ሰው፥ ዕውቀት በጨመረ ቍጥር ቤቱ ይፈርስበታል። በጋዜጣ ወሬ ላይ የሠራውም እንዲሁ ነው፤ ወሬው ሲለወጥ መሠረቱ ይናዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጕዳቱም በመምህሩ ላይ አይቀርም። አንድ ተማሪ በእሑድ ቀን ሳይንስ የኦሪትን ነገር አረጋገጠ ሲባል ይሰማል፤ ሰኞ በትምህርት ቤት መጽሐፉን ገልጦ እንዲህ እንዳልተባለ ያነባል። ከዚያ ወዲያ ያው መምህር ስለ ጾም፥ ስለ ምጽዋት፥ ስለ ትንሣኤ ሙታን ቢነግረው በምን ልብ ይሰማዋል? ስለ ጭቃ የተነገረው ትንሽ ሐሰት የትልቁን እውነት በር ዘጋበት።

ስለዚህ መምህር የሆነ ሁሉ የሊቃውንቱን ሥራ ሳይንቅና ሳያጋንን፥ የተባለውን ተባለ፥ ያልተባለውን አልተባለም ይበል። ሸክላው ስለ ራሱ የሚናገረው አለውና ይናገር፤ ያላለውን ግን አለ አይበሉበት።