ያልተከፈተ ሳጥን ስጦታ አይደለም

ጓንግዡ ስማር፣ በመጀመሪያው ዓመት መስከረም ውስጥ፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ለእያንዳንዳችን አንድ ሳጥን የጨረቃ ኬክ አደለን። ሳጥኑ ቀይ ነው፤ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለበት፤ ውስጡ በጨርቅ ተለብጧል። ኬኩ ግን አራት ፍሬ ብቻ። አልከፈትኩትም። ለአማካሪ መምህሬ ወስጄ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው አመሰገኑኝ።

ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ ሳጥን የዶርማችን የጽዳት ሠራተኛ ብብት ሥር አየሁት። ጥጉ ላይ ያለችው ጭረት ራሷ ናት፤ የጫርኩት እኔ ነኝ። ሴትየዋን ሁላችንም «አዪ» ነበር የምንላቸው፣ አክስቴ እንደማለት። «አዪ፣ ማታ ሊበሉት ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «ኧረ ለልጄ አለቃ ነው» አሉኝ።

እኔ ወደ ላይ ላክሁት፣ የሆነ ሰው ወደ ታች ጣለው፣ እሳቸው ደግሞ መልሰው ወደ ላይ ሊልኩት ነው። አራቱ ኬኮች ግን አንድም አፍ አላገኙም።

የመከር አጋማሽ በዓል የሚውለው በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ቀን፣ ጨረቃ ስትሞላ ነው። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ጨረቃ ይታያል፣ ወደ ጨረቃ ስለበረረችው ስለ ቻንግአ ለልጆች ይተረታል፣ ዩዌቢንግ ይቆረሳል። ልብ በሉ፦ ይቆረሳል። የጓንግዶንጉ ዓይነት ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ውስጡ ተፈጭቶ በስኳር የተለወሰ የሎተስ ዘር፣ መሀሉ ላይ በጨው የቆየ የዳክዬ እንቁላል አስኳል አለ። ሲቆረጥ አስኳሉ ሙሉ ጨረቃ ይመስላል። የሱዡው ቅርፊት እንደ ወረቀት የተነባበረ ነው። ዩናን ውስጥ ደግሞ የአሳማ ሥጋ ይከቱበታል። በጣም ጣፋጭ፣ በጣም ከባድ ስለሆነ አንድ ሰው አንዱን ብቻውን መጨረስ ያቅተዋል። ብዙዎች ይሄን እንደ ጉድለት ያወሩታል። ጉድለት አይደለም። ድሮም ለአንድ ሰው አልተሠራም።

ታዲያ ለመቆረስ የተሠራ ነገር እንዴት ሳይከፈት የሚዞር ሆነ? ኩፖኑን እዩት። ቻይና ውስጥ የጨረቃ ኬክ በኩፖን ይሸጣል። እንበል ፋብሪካው የ100 ዩዋን ኩፖን ያትምና ለቸርቻሪ በ65 ይሰጣል። ቸርቻሪው ለአንድ ድርጅት በ80 ይሸጠዋል። ድርጅቱ ለሚፈልገው ባለሥልጣን ያበረክታል። ባለሥልጣኑ ኬክ ሰልችቶታል፤ መንገድ ዳር ለቆመ አየር ባየር ነጋዴ በ40 ይለቀዋል። ነጋዴው ለዚያው ፋብሪካ በ50 ይመልሰዋል። ፋብሪካው 15 አተረፈ፣ ቸርቻሪው 15፣ አየር ባየሩ 10፣ ባለሥልጣኑ 40 ዩዋን ኪሱ ከተተ። ድምሩ ልክ ድርጅቱ የከፈለው 80 ነው። ምድጃ አልተለኮሰም፣ ዱቄት አልተቦካም። በዓሉ ግን «ተከብሯል»።

ይህን የሚያዩ ሰዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛው ወገን «ብክነት ነው፣ ይቅር» ይላል። ሁለተኛው «ባህላችን ነው፣ አትንኩብን፤ መሰጣጣት ግንኙነት ነው» ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ብክነት ነው የሚለው ወገን መለኪያ ይወዳል። መንግሥትም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ2013 የኮሙኒስት ፓርቲው የዲሲፕሊን ኮሚሽን በሕዝብ ገንዘብ የጨረቃ ኬክ ገዝቶ መስጠትን ከለከለ። በ2022 ደግሞ ማሸጊያው ከሦስት ድርብ እንዳይበልጥ፣ የከበረ ማዕድንም እንዳይገባበት ታዘዘ፤ ከ500 ዩዋን በላይ የሚሸጡ ሳጥኖች ላይ ቁጥጥር ጠበቀ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን የአዪ ሳጥን ከ500 ዩዋን አይበልጥም ነበር። ወርቅም አልነበረበትም። ሕጉ ቢለካው ንጹሕ ነው። ሕመሙ ካርቶኑ ላይ ከሆነ አዪ ለምንድን ነው የልጃቸውን አለቃ የሚፈሩት?

ባህል ነው የሚለው ወገን ደግሞ ግማሹን እውነት ይዟል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሃንግዡ የጻፈው ቲየን ሩቸንግ በዚህ በዓል ሰዎች የጨረቃ ኬክ እንደሚሰጣጡ፣ ትርጉሙም የቤተሰብ መገናኘት እንደሆነ መዝግቧል። መስጠቱ ጥንታዊ ነው፣ በቃ፣ አንከራከርም። ግን ያ ስጦታ ትርጉሙ ምን ነበር? መገናኘት። ክብ የሆነው ለዚያ ነው። ለአለቃ የሚላክ ሳጥን ከማን ጋር ያገናኛል? አለቃው በሩን እንኳ አይከፍትም፤ ጸሐፊው ተቀብላ ከሌሎቹ ሳጥኖች ላይ ትደርበዋለች።

አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው፦ ስጦታ እና እጅ መንሻ። ስጦታ በጎን ነው የሚሄደው፣ ከእኩያ ወደ እኩያ፣ ከዘመድ ወደ ዘመድ፤ ሰጪው ቁጭ ብሎ አብሮ ይቀምሰዋል። እጅ መንሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰጪው ደጅ ላይ ይቀራል። ቻይናን ለመስደብ እንዳይመስላችሁ፤ እጅ መንሻ የሚለውን ቃል የፈጠርነው እኮ እኛ ነን። እኔም ያን ሳጥን ለመምህሬ ስወስድ ስለወደድኳቸው አልነበረም። የጥናቴን ረቂቅ በቶሎ እንዲያነቡልኝ ነበር። አዪን ለመውቀስ አፍ የለኝም፤ ሰንሰለቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ መለኪያዬ የማሸጊያው ድርብ ወይም የዩዋኑ ብዛት አይደለም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን ሳጥን ከምሰጠው ሰው ጋር አብሬ እከፍተዋለሁ? መልሱ አዎ ከሆነ ወርቃማ ቢሆንም ግድ የለም፣ ውሰዱት። መልሱ አይ ከሆነ ባለ አንድ ድርብ ካርቶን ቢሆንም ጉቦ ነው፤ ትንሽ ጉቦ፣ ግን ጉቦ።

በሁለተኛው ዓመት ሳጥኑ ሲሰጠኝ ቀጥታ ወደ አዪ ክፍል ወሰድኩትና እዚያው ከፈትኩት። ቢላዋ ያወጡት እሳቸው ናቸው። አንዱን ኬክ ስምንት ቦታ ከፈሉት። የአስኳሉ ጨው ከስኳሩ ጋር አልገጠመልኝም፤ ፊቴን ሳጨማድድ እስኪያነቡ ሳቁብኝ። ከዚያ ሻይ ቀዱልኝና ልጃቸው ሥራ እንደቀየረ ነገሩኝ። የአዲሱ አለቃው ሳጥን አልጋው ሥር ተቀምጧል። ገና አልተላከም።

«አዪ፣ እሱንም እንክፈተው» አልኳቸው።

አልከፈቱትም። አልፈርድባቸውም። ግን እናንተ ስም ሳትጽፉበት የያዛችሁት ሳጥን ካለ፣ ዛሬውኑ ቢላዋ ፈልጉ።