በደኑ ስም የሚሸጥ ቡና

የከፋ ጫካ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን ለገበያ የሚያቀርበው ከነደኑ ስም ነው። ቡናው በቦንጋ ዙሪያ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ቀይ ፍሬው በእጅ ተለቅሞ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ደኑን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ዛፉ ከተቆረጠ ስሙ ባዶ ስለሚቀር፣ ኩራቱ ጥበቃን ያስከትላል።

ቀድሞ የትውልድ ቦታ ስም እንዲህ አይከበርም ነበር። እንግሊዞች በ1839 እ.ኤ.አ. ይዘው በ1850 ነጻ ወደብ ባደረጓት በኤደን በኩል ይጫን የነበረው የሐረር ቡና፣ ባሕር ማዶ በየመኑ ወደብ ስም «ሞካ» እየተባለ ይቸበቸብ ነበር። ኢትዮጵያ ስለ ቡና ስሞቿ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስምምነቱም ስለ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ እንጂ ስለ ከፋ አልነበረም።