አስተሳሰቡን መቀየር ያለበት ሳቂው ነው

«አስተሳሰብህን ቀይር፣ ሕይወትህ ይቀየራል!» ይህቺን ዐረፍተ ነገር አላየኋትም የሚል ካለ እጁን ያውጣ። መጽሐፍ አዟሪው ክንዱ ላይ ከደረደራቸው ሽፋኖች ላይ አለች፤ ታክሲ ውስጥ «ሒሳብ ሳይጠየቁ ይክፈሉ» ከሚለው ጎን ተለጥፋለች፤ አዳራሽ ተከራይቶ ማይክ ጉንጩ ላይ የሰካው አነቃቂ ተናጋሪም ላብ እስኪያጠምቀው ይጮኽባታል። እኛ ከዐረፍተ ነገሯ ጋር ጠብ የለንም። ጠባችን ከአድራሻዋ ጋር ነው። ሁልጊዜ የምትላከው ለፈራው፣ ዝም ላለው፣ «በራስ መተማመን ይጎድለዋል» ለተባለው ነው። ላስፈራው ሰው ተልካ አታውቅም።

ማን ነው ያስፈራው? እኛው የከተማ ልጆች ነና፤ ሙድ ያዦቹ።

እስኪ አንድ ክፍል ውስጥ እንግባ። መምህሩ ጥያቄ ጠየቀ። አንዱ ደፍሮ ተነሳና በእንግሊዝኛ መለሰ። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን «ሺ» ማለት ሲገባው «ሂ» አለ። በቃ! ከኋላ ወንበር ሳቅ ፈነዳ። መልሱን የሰማ የለም፤ «ሂ»ዋን ግን ሁሉም ሰምቷታል፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቅጽል ስሙ ሆና ትቀራለች። የተነሳችው ሴት ከሆነች ደግሞ ሳቁ እጥፍ ነው፤ በእንግሊዝኛዋ ብቻ ሳይሆን በድፍረቷም ይሳቅባታል። ልጁ ከዚያ ወዲያ እጁን አያወጣም። እኛን የሚገርመን ግን ይሄ አይደለም። የሳቁትም አያወጡም! ሳቁ እንዴት እንደሚያም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ። ሃምሳ ስድሳ ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ሁሉንም ፈርቶ ዝም ይላል፤ መምህሩም «ገባችሁ?» ይላል፤ «አዎ!» ይባላል፤ ደወል ይደወላል።

«እንግሊዝኛ ባይችሉስ ምን ይሆናሉ?» የሚል አይጠፋም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ እኮ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ መጠየቅ የፈራ ልጅ ፊዚክስ መጠየቅም ፈራ ማለት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተን ደንግጠናል። ያን ሁሉ ሳቅ አመጣው አንልም። የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህራን ችግር አለ፣ ጦርነቱም ነበር። ነገር ግን ያልገባውን «አልገባኝም» ማለት የሚያሳፍረው ተማሪ መጽሐፉም ቢሟላለት ምን ያህል ይራመዳል?

ደግሞ ነገሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ወደ አማርኛችን እንምጣ።

ፈረንጅ በቲቪ ቀርቦ «እኔ ቡና ትወዳለህ» ይበል። አዳራሹ በጭብጨባ ይቀልጣል። «ወይኔ ሲያምርበት!» ዋሽንግተን ያደገች የዘመድ ልጅ ለእረፍት መጥታ «ውሃው ጠጣኝ» ብትል አክስቶቿ ጉንጯን እየሳሙ ይቀባበሏታል፤ ኩልትፍናዋ ራሱ ጣፋጭ ነው። ያንኑ ስህተት ከወላይታ ወይም ከባሌ መጥቶ ጎናችን ታክሲ የተሳፈረ ያገራችን ልጅ ይሳሳተው። ፋራ! አማርኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ አብዛኞቻችን አንድ አማርኛና ግማሽ እንግሊዝኛ ይዘን ነው ባለሦስት ቋንቋው ላይ የምንስቀው። አንዱ እንግዳ ስለሆነ ተጨበጨበለት፣ ሌላው ግን «እንዴት አማርኛ አያውቅም?» ተባለ። ከሁለቱ ለማን ቅርብ ነን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሳቃችን ግን ሌላ ይናገራል።

በጣም የሚሳቅበት ደግሞ ምን መሰላችሁ? ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ማለት። ስንት ቀልድ ተሠርቶበታል! አፋን ኦሮሞ የሚችል ጓደኛ ያለው ይጠይቅ፤ «አቲ» ማለት አንተም ነው አንቺም ነው። ግሡም ቢሆን እዚያ ላይ ወንድና ሴት አይለይም። በዚያ ቋንቋ ላደገ ሰው አማርኛ በእያንዳንዱ «አንተ» እና «አንቺ» ላይ አዲስ ውሳኔ ይጠይቀዋል ማለት ነው፤ እሱም በሩጫ ላይ እያለ። ሌላም እንጨምር። አማርኛ እየለመደ ያለ ሰው «ሂድ፣ ብላ፣ ጠጣ» ብሎ፣ «አትምጣ» የሚለውንም ሰምቶ፣ «ምጣ» ቢል እንስቃለን። እሱ ግን ሕጉን አክብሯል፤ ሕጉን የጣሰው «ና» የሚለው አማርኛችን ነው። ፒት ኮርደር የሚባል የቋንቋ ምሁር በ1967 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ የተማሪ ስህተት ተማሪው የራሱን ሕግ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ስህተት የሌለበት ቦታ ላይ ወይ ፈጽሞ ተምሮ የጨረሰ አለ፣ ወይ አፉን የዘጋ አለ። የኛ አገር ክፍሎች ዝምታ የትኛው ይመስላችኋል?

አሁን ወደ አነቃቂዎቹ እንመለስ። የሚሸጡት ሐሳብ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ አይነግሩንም እንጂ አንዱ ምንጩ ካሮል ድዌክ የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናት። በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፏ «ችሎታ ተወስኖ የሚሰጥ ሳይሆን በልምምድ የሚያድግ ነው» ብሎ የሚያምን ሰው ከውድቀት ይማራል አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። እነ ድዌክ ያሉበት ቡድን በኋላ ይህንኑ በአሜሪካ 65 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ከ12 ሺህ በላይ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ ፈተነው፤ ውጤቱም በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንድ ሰዓት የማይሞላ የኮምፒውተር ትምህርት ሰጧቸው። ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸው ተማሪዎች ላይ የታየው ጭማሪ በአማካይ 0.1 ነጥብ ነው። «ሕይወትህ ይቀየራል» የሚያስብል አይደለም፤ ለአንድ ሰዓት ትምህርት ግን አይናቅም።

ከዚህ ጥናት እኛን የያዘን ሌላው ግኝት ነው። ትምህርቱ ውጤት ላይ የሠራው የክፍል ጓደኞቻቸው ከባድ ነገር መሞከርን በሚደግፉባቸው ትምህርት ቤቶች ነበር። ጓደኛ በማይደግፍበት ቦታ የተማሪው ጭንቅላት ቢቀየርም ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ከዚህ በላይ ምን እንበል? ልጁ ቅዳሜ አዳራሽ ገብቶ «እችላለሁ!» ብሎ ጮኾ ይወጣል፤ ሰኞ «ሂ» ሲል ይሳቅበታል። ሰኞ ቅዳሜን ትበላታለች። ባለ አዳራሹ ግን የመግቢያውን ብር አይመልስም።

«ኧረ አታካብዱ፣ ሳቅ እኮ ነው!» ትሉን ይሆናል። ጓደኛሞች እርስ በርስ ሲሳሳቁ አንገባባቸውም፤ ያለ ጨዋታ እንዴት ይኖራል? ልዩነቱ መልስ መስጠት መቻል ላይ ነው። ጓደኛህ ሲስቅብህ መልሰህ ትስቅበታለህ። ለአዲስ አበባ አዲስ የሆነ ልጅ ግን በማን ይሳቅ? «ታዲያ ስህተት አይታረም?» ለምትሉም፦ ይታረም እንጂ! ሳቅ ግን አርሞ አያውቅም። «ሂ» ብሎ የተሳቀበት ልጅ «ሺ» ነው ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ሲስቅ ደወል ተደወለ አልናችሁ።

ጋዜጠኝነት ያጠናን ሰዎች ይህ ነገር ሥራችን ላይም ይገጥመናል። መንገድ ላይ ማይክ ስናቀርብ «እኔ መናገር አልችልም፣ ሌላ ሰው ጠይቁ» የሚለን ሰው ብዛቱ! ስለ ገዛ ሰፈሩ ውሃ መጥፋት ነው እኮ የምንጠይቀው። ሰውዬው የውሃውን ነገር ከኛ በላይ ያውቃል፤ የሚፈራው ቪዲዮው ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ እንዳይውል ነው። አልተሳሳተም፤ ይውላል። ከዚያም ውሃው ተረስቶ አነጋገሩ ሳምንቱን ይከርማል።

ለዚህ ደግሞ ትልቁን ድርሻ ለኮሜዲ ጸሐፊዎቻችን እንሰጣለን። የገጠር ሰው፣ ጥበቃ፣ የቤት ሠራተኛ የሚባል ገጸ ባሕርይ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ቀልድ የተጣመመ አማርኛ ነው። ሁለተኛውም እሱ ነው። ሦስተኛውን አይተን አናውቅም። እናንተዬ፣ ያ ጥበቃ እኮ የሚያስቅ ሐሳብም ሊኖረው ይችላል፤ ባለ ቪላው ላይ ቀኑን ሙሉ ሲታዘብ ነው የሚውለው! በሚቀጥለው ድራማችሁ እሱ ይሳቅበትና እንየው። ወይስ አነጋገር ሲቀነስ የሚተርፍ ቀልድ የላችሁም?