ላላነበብነው ኪታብ አንመስክር



ሰሞኑን እዚህ ፋሲሎ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወንድማችን ወረቀት ይዞ መጣ። ስለ ኢስላም ታሪክ በአገራችን ለሚሠራው ጥናት «አኖቴትድ ቢብሊዮግራፊ» እንዲያዘጋጅ ታዟል። የሚጠቀምባቸውን መጻሕፍት ዘርዝሮ፣ በእያንዳንዱ ሥር ምን እንደያዘና ለጥናቱ ምን እንደሚጠቅም በአጭሩ ይጽፋል ማለት ነው።

15 መጻሕፍት ዘርዝሯል። በሁሉም ሥር «ጠቃሚ መረጃ ይዟል» ይላል።

«ስንቱን ከፍተህ አየህ?» አልነው።

ሦስት ብቻ። የቀረውን ከኢንተርኔትና ከቻትጂፒቲ ነው የለቀመው።

ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሐዲስ የቀራ ደረሳ ማን ከማን እንደሰማ፣ ረዊው ታማኝ መሆኑን ሳያጣራ አይቀበልም። የባግዳዱ መጽሐፍ ሻጭ ኢብኑ ነዲምም በ377 ሂጅራ ባዘጋጀው «አል-ፊህሪስት» የዘመኑን መጻሕፍትና ጸሐፊዎች መዝግቦልናል፤ በብዙ ቦታም በዓይኑ ያየውን «አይቼዋለሁ» ይላል።

ምሳሌ እንውሰድ። በ1952 እ.ኤ.አ. የታተመውን የትሪሚንግሃምን «ኢስላም ኢን ኢትዮጵያ» ብዙ ተማሪ ይጠቅሳል። ጸሐፊው በሱዳን የክርስቲያን ሚሲዮን አገልጋይ እንደነበር የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ይህን የምንጽፈው መጽሐፉን ለመጣል አይደለም፤ ከማን ጋር ብንሆን ፍትሕ ታዘናል። ከየት ቆሞ እንዳየ አንባቢው ይወቅ። ከጎኑ የፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ ኢስላም ጥናት (2001 እ.ኤ.አ.) አስቀምጡ። እሳቸው የወሎ ዑለማእ በዐረብኛ የተዉትን ጽሑፍና የሽማግሌዎችን ቃል ፈልገዋል። ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ ያገኘ ተማሪ የጥናት ጥያቄውን አገኘ።

በእያንዳንዱ መጽሐፍ ሥር አራት ነገር ጻፉ፦ ማን ጻፈው? ምንጩ ምንድን ነው? ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው? ለእኔ ጥያቄ የትኛው ምዕራፍ ይጠቅማል? ያላገኛችሁትን ተዉት። ቻትጂፒቲ ጭራሽ ያልተጻፈ መጽሐፍ ስም ከነጸሐፊው ሊሰጣችሁ ይችላል።

ወንድማችን «ዝርዝሩ ካጠረ ነጥብ ይቀነስብኛል» ብሎ ሰጋ። ሊቀነስበት ይችላል፤ ምስክርነት ግን አማና ነው። ታሪካችንን ሌሎች ሳያውቁን ጻፉት እያልን ስናማርር ኖረናል። ዛሬ ብዕሩ እጃችን ሲገባ ያላየነውን አየን ካልን፣ በማን ልንፈርድ ነው?

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይወፍቀን። ወላሁ አዕለም።