ጉድጓዱን የሚሞላው ማን ነው?



አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ቀላል የማይባለው ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። ጉድጓድ በተቆፈረ ቁጥር «በሴኮንድ ስንት ሊትር ይሰጣል?» ይባላል፤ «የሚተካው ከየት ነው?» የሚል ግን ጥቂት ነው። የዚህ እትም ዐቢይ ርዕስ ይኸው ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መልሱ ያለው ውኃው ውስጥ ነው። ሐይቅ ሲተን ቀላሉ ሞለኪውል ቀድሞ ይሄዳል፤ ኦክስጅን-18 እና ዲዩቴሪየም የተባሉትን ከባድ አይሶቶፖች ያዘለው ከባዱ ይቀራል። ስለዚህ በስምጥ ሸለቆ ከሐይቅ የሰረገ ውኃ በቀጥታ ከዝናብ ከሰረገው ይለያል። ትሪቲየም የተባለው ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ የውኃውን ዕድሜ ይጠቁማል። ኬሚስትሪውም ይመሰክራል፦ በደጋችን ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚያይልበት ውኃ በአብዛኛው በቅርቡ የሰረገ ነው፤ ሶዲየም የሚያይልበት ከአለት ጋር ረጅም ጊዜ የቆየ። ናይትሬት ከፍ ካለ ደግሞ የመጸዳጃ ፍሳሽ ወይም ማዳበሪያ ይጠረጠራል።

የአዲስ አበባ ዝናብ አይሶቶፕ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መረብ ሲመዘገብ ስለቆየ ማነጻጸሪያ አናጣም።

የማይተካ ውኃ መሳብ ጥሪት መብላት ነው። ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ሁሉ፣ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ውኃውን አስመርምሩ።



አዘጋጁ