ስለ ኋላ መስታወት መጥረጊያና ስለ ተጫረ ቀለም

«የስፖርት አውቶሞቢል ነገር ለእኔ ምኔ ነው? ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከአውቶቡስ አያልፍም» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን ዕውቀት ከመኪናው ቀድሞ ቢመጣ ጉዳት የለውም። የራሱ መኪና የሌለው ሰው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይረከባል፤ የወንድሙን መኪና ያሳጥባል፤ ነገ ደግሞ ገንዘቡን አጠራቅሞ አሮጌ መኪና ሊገዛ ይችላል። በዚያን ጊዜ መስታወትና ቀለም አይቶ መፍረድ የሚችለውና የማይችለው ሰው የሚለያዩት በኪሳቸው ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ትንንሽ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን እናነሣለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የፊት መስታወት መጥረጊያ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት፣ የአላባማ ሰው፣ አሽከርካሪው ከውስጥ ሆኖ በእጁ የሚያንቀሳቅሰውን መጥረጊያ አስባ በ1903 የባለቤትነት ማረጋገጫ ተሰጣት። የኋላው መጥረጊያ ግን ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በአንዳንዱ መኪና ላይ አለ፣ በአንዳንዱ ላይ የለም። ይህ የሆነው በፋብሪካው ንፍገት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱ ነፋስ ነው።

መኪና ሲሮጥ አየርን እየሰነጠቀ ያልፋል። ጀርባው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንደ ሆነ፣ በጣሪያው ላይ የሚፈስሰው ነፋስ ከጫፉ ሲደርስ ታጥፎ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ከመኪናው ኋላ ግፊቱ ያነሰ ስፍራ ይፈጠራል፤ ያም ስፍራ ጎማዎቹ የሚያነሡትን አቧራና የጭቃ ውሃ እየሳበና እያዞረ ከመስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በብዛት የሚታየው ቪትዝ የኋላ መጥረጊያ ያለው ስለዚህ ነው። ባለ ሻንጣው ኮሮላ ግን መስታወቱ ከመኪናው ጫፍ ራቅ ብሎ ስለ ተቀመጠ፣ ጭቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሻንጣው መዝጊያ ላይ ነው፤ መጥረጊያም አልተደረገለትም።

እንግዲህ የስፖርት አውቶሞቢል ከሁለቱ ወደየትኛው ይጠጋል? በ1963 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ የታየውን ፖርሽ 911 እንውሰድ። ጣሪያው ከመካከል ጀምሮ በዝግታ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ መስታወቱም ከዚሁ መስመር ጋር ጋደም ብሎ ተቀምጧል። ቁልቁለቱ ለስላሳ ስለ ሆነ ነፋሱ ገላውን እየዳሰሰ አብሮ ይወርዳል፤ በፍጥነት ሲነዳም የዝናቡን ጠብታ ጠርጎ ይወስደዋል። «የስፖርት መኪና የኋላ መጥረጊያ አያስፈልገውም» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ይኸው ነው።

ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ሙሉ ግን አይደለም። ነፋስ የሚጠርገው መኪናው ሲሮጥ ነው። በከተማ ውስጥ፣ መብራት ባቆመው ጊዜና በሰልፍ መካከል፣ ጠብታው ባለበት ይቀራል። እንዲያውም መስታወቱ የተጋደመ በመሆኑ ዝናቡ በቀጥታ ይወርድበታል፤ አቧራም እንደ ጠረጴዛ ይተኛበታል። ስለዚህ ፖርሽ የኋላ መጥረጊያን ለፈለገ ደንበኛ በተጨማሪ ዋጋ ይሸጥ ነበር። በኋላ በመጡት በ928 እና በ944 ላይም መጥረጊያው ታይቷል። በአንጻሩ ፍጥነትና ውበት የሚወድደው ገዥ፣ ሞተሩ ክብደት ይጨምራል፣ ክንዱም ንጹሑን መስመር ያበላሻል እያለ ይተወዋል፤ ተገጥሞ ያገኘውንም የሚያስነቅል አለ። የሚያስነቅል ሰው አንድ ነገር መርሳት የለበትም፤ ይኸውም ክንዱ ያለፈበት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በጎማ መክደኛ በደንብ ካልተደፈነ ውሃ ይገባል፤ ውሃ የገባበት ቆርቆሮም ከውስጥ ይዝጋል።

በአሁኑ ዘመን ካሜራ የመስታወቱን ሥራ እየተካፈለ ነው። አሜሪካ ከግንቦት 2018 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ሁሉ ላይ የኋላ ካሜራ እንዲኖር አስገድዳለች። በ2023 የታየው ፖልስታር 4 ደግሞ የኋላ መስታወት ጨርሶ የለውም፤ አሽከርካሪው ኋላውን የሚያየው በካሜራ ነው። ሆኖም የካሜራ ዓይንም ጭቃ ይይዘዋል፤ መጥረግ ከሰው ትከሻ ላይ ገና አልወረደም።

መጥረጊያ ላለው ሰው ሁለት ምክር አለን። አንደኛ፣ አቧራ የለበሰ ደረቅ መስታወት ላይ መጥረጊያውን አያስነሡ። ጎማው አሸዋውን እየጎተተ መስታወቱን ይጭረዋል፤ በቅድሚያ ውሃ ይርጩበት። ሁለተኛ፣ የመጥረጊያውን ጎማ ሲለውጡ ከክንዱ ሥር ወፍራም ጨርቅ ያንጥፉ። ክንዱ በሞላ የሚሳብ ስለ ሆነ ካመለጠ እንደ ወጥመድ ይመታል፤ መስታወት ይሰብራል፣ ወይም ቀለም ይልጣል። በዚሁ ወደ ሁለተኛው ጉዳያችን እናልፋለን።

የመኪና ቀለም ሲያዩት ወፍራም ይመስላል። ነገር ግን ከፋብሪካ የወጣ ቀለም በሙሉ ተደራርቦ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ እጅግም አይበልጥም፤ ይህም የአንድ ተራ ወረቀት ያህል ነው። በዚህች ቀጭን ልብስ ውስጥ አራት ንብርብር አለ። ከቆርቆሮው ላይ ዝገት የሚከላከለው ይቀባል፤ በላዩ መሠረቱ፣ በመሠረቱ ላይ ዋናው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ የሚያንጸባርቀው ግልጽ ቫርኒሽ ይሆናል። ጭረት ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛው ንብርብር ድረስ ወረደ?» የሚለው ነው። የወጪው ልክ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያሻም። ስፍራውን በንጹሕ ውሃ ያጥቡ፤ ከዚያም ጣትዎን አርጥበው ጭረቱን ያብሱ። እርጥብ ሲሆን ጭረቱ ከጠፋና በጥፍር ሲዳሰስ ጥፍርን ካልያዘ፣ የተጎዳው ቫርኒሹ ብቻ ነው። ይህ በለስላሳ ጨርቅና በፖሊሽ በትዕግሥት ቢታሽ ይለቃል። የጥርስ ሳሙና ይበጃል የሚባለውም እንዲህ ላለው ቀላል ጭረት ብቻ ነው፤ የድስት ማጠቢያ ዱቄት ግን ቫርኒሹን ያደበዝዘዋልና ከመኪና መራቅ አለበት።

ጥፍር የሚይዝ፣ ነገር ግን ሌላ ቀለም የማይታይበት ጭረት እንደ ሆነ፣ በጣም ለስላሳ የሆነው ባለ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እየነከረ በቀስታ ይታሻል፤ ከዚያ በፖሊሽ ይጸዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቫርኒሹ ከወረቀቱ ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞላምና፣ እጁ የበረታ ሰው ጭረት ሲያጠፋ ቀለሙን ይገፈዋል።

ነጭ ወይም ግራጫ መሠረት ከታየ ፖሊሽ አያድነውም፤ የራሱ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይሞላል። ቆርቆሮው ራሱ ከታየ ደግሞ ነገሩ ከውበት አልፎ የመኪናው ዕድሜ ይሆናል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ ጭረት በቀደደው ዝገት ይገባል። ዝገትም በቀለሙ ሥር እየሳበ ይሄዳል፤ በክረምት የጣት ጥፍር የምታህል የነበረችው በዓመቱ መዳፍ ታህላለች። መድኃኒቱ ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት መፈግፈግ፣ አንቲረስት መቀባት፣ ሲደርቅ ቀለሙን፣ በመጨረሻም ቫርኒሹን በስሱ እየደጋገሙ መደረብ ነው። አንዴ በወፍራሙ የተቀባ ይንጠባጠባል፤ እያደረቁ በስሱ የተቀባ ይጸናል። ፓራውልት ላይ የደረሰ ጭረት ግን፣ ፓራውልቱ ፕላስቲክ ከሆነ፣ አይዝግምና ገንዘብ እስኪገኝ ቢቆይ አያስፈራም።

ቀለሙን በዓይን መርጦ መግዛት ስሕተት ነው። እያንዳንዱ መኪና የቀለም ቁጥር አለው፤ ከኮፈኑ ሥር ወይም ከበሩ አጠገብ በተለጠፈች ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ለምሳሌ በብዙ ነጭ ቶዮታዎች ላይ 040 የሚል ይነበባል። ቁጥሩን ይዞ ወደ ቀለም ሻጭ የሄደ ሰው አይሳሳትም።

ቀለም ቀቢው «በሩ በሙሉ ካልተቀባ አይሆንም» ቢል፣ አንዳንድ ጊዜ እውነት አለው። ፀሐይ ለዓመታት የመታው ቀለም ይገረጣልና አዲሱ ብቻውን እንደ ልብስ ዕራፊ ይታያል፤ ስለዚህ እያሳሱ ማዛመድ ይገባል። ጥፍር ለማይዝ ጭረት ግን ሙሉ በር ማስቀባት ገንዘብን መጣል ነው። ከመስማማት በፊት ጭረቱን በውሃ አርጥበው ከቀቢው ጋር አብረው ይዩት፤ ስንተኛው ንብርብር እንደ ደረሰም ይጠይቁት። ጨዋ ባለሙያ በጥያቄ አይቆጣም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን አለመጫር ነው። አብዛኛው ስስ ጭረት የሚመጣው ከጠላት ሚስማር ሳይሆን ከእጥበት ነው። ጭቃው ሳይለቀለቅ በደረቅ ጨርቅ የሚታሽ መኪና፣ መሬት የወደቀ ጨርቅ ተነሥቶ የሚወለወልበት መኪና፣ በፀሐይ ሲታይ የሸረሪት ድር የለበሰ ይመስላል። በቅድሚያ ውሃ ማፍሰስ፣ ለሳሙናው አንድ ባልዲ፣ ጨርቁን ለማለቅለቅ ሌላ ባልዲ መያዝ፣ ከፀሐይም ጥላ መምረጥ ነው። ይህን ለማድረግ የስፖርት አውቶሞቢል መኖር አያስፈልግም፤ የመሥሪያ ቤቱም አሮጌ መኪና ይበቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን መኪና ባያውቁም፣ ስለ ጭረት የተናገሩ ያህል ነው።